የብሪት ኮስኪ የአራት ዓመት እቅድ

ብሪት ኮስኪ ለእናቷ «ፍልስፍና ላጠና ነው» ብላ የነገረቻት ዓርብ ዕለት እኔም አብሬያቸው ነበርኩ። ጆሊን ኮስኪ ከዓሣ ጥብሱ ገና መጉረሷ ነበር። ማኘኳን አቆመች፤ ሹካዋም በአየር ላይ ቀረ።

«ምን አልሽ?»

«ፍልስፍና።»

ጆሊን ወደ እኔ ዞረች። «ትሩዲ፣ ይቺን ልጅ ምን ነካት? አንድ ክፍል አይደል የምታድሩት? ትኩሳት አላት?»

«እኔ ነርስነት ገና መጀመሬ ነው፤ ምርመራ አላስተማሩንም» አልኳት።

አልሳቀችም። ጆሊን በአውራጃችን የበረዶ መጥረጊያ መኪና የምትነዳ፣ በኦተር ቤይ ከተማ ማንም የማይደፍራት ሴት ናት። ከሐይቁ በሚመጣው በረዶ መንገዱ ሲዘጋ የከተማው ሰው ሁሉ መስኮት ላይ ቆሞ የሚጠብቀው እሷን ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ብሪትን ያሳደገቻት ለብቻዋ ሲሆን፣ «ልጄ ጠበቃ ልትሆን ነው» ብላ ያላወራችበት ነዳጅ ማደያ አልነበረም።

«ጠበቃ ልሁን አላልሽም እንዴ? አሁን ለሰው ምን ልበል? ልጄ ቁጭ ብላ ልታስብ ኮሌጅ ገባች ልበል?»

«ጠበቃ ለመሆን እኮ ነው፣ እማ። የሕግ ትምህርት ቤት የሚገባው መጀመሪያ አራት ዓመት ሌላ ነገር ተምሮ ነው። ምን አጠናሽ ብለው አይመርጡም። ማንበብ፣ መጻፍና መከራከር መቻልሽን ነው የሚያዩት።»

«መከራከሩንማ ጥርስ ሳታበቅዪ ጀምረሽዋል! ለእሱ ኮሌጅ አያስፈልግሽም።»

ብሪት ጠበቃ የመሆን ነገር የመጣባት በልጅነቷ ነው። ያኔ የሚኖሩት በሐይቁ ዳር፣ በጎማ ተጎትተው ከሚመጡት የቆርቆሮ ቤቶች በአንዱ ውስጥ ነበር። የመሬቱ ባለቤት ቦታውን ለሆቴል ሠሪዎች ሸጠውና ነዋሪው በሙሉ ፍርድ ቤት ተጠራ። ብሪት ከእናቷ ጎን ተቀምጣ፣ ጎረቤቶቿ አንድ በአንድ ሲጠሩ፣ «ጠበቃ አለዎት?» ሲባሉ፣ «የለኝም» ሲሉና ሲወጡ አየች። አንድ ጊዜ እንዲህ ብላኛለች፦ «ዳኛው ክፉ ሰው አልነበረም፣ ትሩዲ። የሚናገርለት ያጣ ሰው ጉዳይ ምን ያህል ቶሎ እንደሚያልቅ ነው ያስደነገጠኝ። እማዬ ኮቷን አውልቃ ሳትጨርስ እኮ ተፈረደብን።»

ጆሊን ግን በወሬ የምትረታ አይደለችም። ሰኞ ዕለት የሥራ ቦት ጫማዋን እንዳደረገች ኮሌጃችን ድረስ መጣች። «ይሄን ልጄን ያሳበደ ሰውዬ አሳዩኝ» አለች። እየመራን የፍልስፍና ትምህርት ክፍል ኃላፊ ወደሆኑት ወደ ፕሮፌሰር ኦርሰን ዌይርቢ ቢሮ ወሰድናት።

ሃልቨርሰን ትንሽ ኮሌጅ ነው፤ የፍልስፍና ክፍሉም ሁለት አስተማሪዎች ብቻ ነበሩት። ፕሮፌሰር ዌይርቢ ስድሳኛ ዓመታቸውን ሊደፍኑ የተቃረቡ፣ ረጅምና ቀጭን፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው ናቸው። ቢሮአቸው ጥግ ላይ በረዶ የሚበሳ ትልቅ መሰርሰሪያ ተደግፎ ቆሟል። ጆሊን ለጠብ መምጣቷን ረስታ መሰርሰሪያውን አየች።

«ዓሣ ያጠምዳሉ?»

«በረዶውን በስቼ ቁጭ እላለሁ። ዓሣው እስካሁን አልተስማማም።»

«ቦታ አያውቁማ!» አለችና ሳትጋበዝ ተቀመጠች።

ፕሮፌሰሩ ጠመኔ አንስተው ግድግዳው ላይ ባለችው ትንሽ ሰሌዳ የብሪትን አራት ዓመት ይሠሩ ጀመር። «አንደኛ ዓመት ሎጂክ። ትጠዪዋለሽ፤ ግን ትወስጂዋለሽ። ሁለተኛ ዓመት የጥንቶቹን ፈላስፎች፣ ከዚያ ሥነ ምግባር። ሦስተኛ ዓመት የሕግ ፍልስፍና። በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ ሐምሌ ላይ፣ ለሕግ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ትቀመጫለሽ። አራተኛ ዓመት የመመረቂያ ጽሑፍሽንና ማመልከቻውን ጎን ለጎን። በመካከሉ ስታቲስቲክስ ውሰጂ፤ ቁጥር የማይገባውን ጠበቃ በቁጥር ያታልሉታል። ታሪክም ውሰጂ። ደግሞ የእኔን ክፍል ብቻ አትመኚ፤ ሌላም አስተማሪ በደንብ ሊያውቅሽ ይገባል፤ ስታመለክቺ ስለ አንቺ የሚጽፍ ሰው ያስፈልግሻል።»

«እና ይሄን ሁሉ ከተማረች ይቀበሏታል?» አለች ጆሊን።

«አላውቅም፣ ወይዘሮ ኮስኪ። የፍልስፍና ልጆች ያንን ፈተና ጥሩ ይሠራሉ ይባላል። ፍልስፍናው ጎበዝ አድርጓቸው ይሁን፣ ወይስ ድሮም ጎበዞቹ ይሆኑ ፍልስፍና የሚመርጡት፣ እኔ ልነግርዎት አልችልም። ስለዚህ ቃል አልገባም።»

ጆሊን ከቢሮው ስትወጣ ፊቷ በርቶ ነበር። «ያላወቀውን አላውቅም የሚል ሰው!» አለችን። «በዚህ ሰው እጅ ይሁን። ተማሪ፣ ልጄ።»

ብሪት እንደተባለችው ሎጂክን ጠላችው። አንዳንድ ቀን ወረቀቱን ግድግዳ ላይ እየወረወረች ታለቅስ ነበር። በሁለተኛው ሴሚስተር ግን አንድ ነገር በራላት፤ ከዚያ በኋላ ከእሷ ጋር መኖር ራሱ ችግር ሆነ። «ሳህን ያላጠብኩት ስለደከመኝ ነው» ስላት፣ «ትናንት ሳይደክምሽስ ለምን አላጠብሽም?» ትለኛለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ከተማው ውስጥ ለችግረኞች በነጻ የሚሟገት የሕግ ቢሮ እየሄደች ስልክ ታነሣና ሰነድ ታደራጅ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ሚያዝያ ላይ ከፕሮፌሰሩ ጋር ተቀምጠው የቀሩትን ሁለት ዓመታት ኮርስ በኮርስ አወጡ። ስትመለስ ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም። ሌላ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ «ወደ እኛ ተዛወሪ» ብሎ ጥሩ ነገር አቅርቦላት ነበር፤ ያን ቀን «አልመጣም» ብላ መለሰችላቸው።

«ለምን?» አልኳት።

«ዌይርቢ እዚህ ናቸዋ! እቅዴ እዚህ ነው።»

ሦስተኛ ዓመት ላይ እኔም የሕግ ፍልስፍናን ተመዘገብኩ፤ ለነርስነቱ አንድ የሥነ ምግባር ኮርስ ያስፈልገኝ ነበር፣ ብሪትም ለመነችኝ። ጥቅምት ውስጥ በአንድ ማክሰኞ ፕሮፌሰር ዌይርቢ «ዳኛ ክፉ ሕግ ሲገጥመው ምን ያድርግ?» ብለው እያከራከሩን ሳለ የሁላችንም ስልክ ባንድ ጊዜ ነዘረ። እንደዚያ የሚሆነው በከተማው አደጋ ሲደርስ ነው። ሁላችንም ስልካችንን አውጥተን አነበብን።

ፕሮፌሰሩ ስልክ ይዘው ክፍል አይገቡም። «ምንድን ነው? የሞተ ሰው አለ?» አሉ።

ዴክስተር የሚባል ቀልደኛ ልጅ ነበር፤ እሱ እንኳን ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋው።

«ብሪት፣ አንብቢልኝ።»

ብሪት ቆማ አነበበች። ከኮሌጁ ፕሬዚዳንት የመጣ መልእክት ነበር። የተማሪው ቁጥር በመቀነሱ ኮሌጁ አምስት የትምህርት ክፍሎችን እንደሚዘጋ ይላል። ስማቸውን መጥራት ጀመረች፤ ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ድምጿ ተቆረጠ። «ፍልስፍና» ብላ መጥራት አላስፈለጋትም። ሁላችንም እጃችን ላይ ይዘነው ነበር።

«እሺ» አሉ ፕሮፌሰሩ።

ዞር ብለው ሰሌዳውን ይጠርጉ ጀመር። ግማሹን ጠርገው ቆሙ። ከዚያ ዞሩና «የት ነበርን?» አሉ።

«ፕሮፌሰር» አለ ዴክስተር፣ «ዛሬ እንኳን ቢቀር አይሻልም?»

«እስከ ግንቦት ደመወዝ ይከፍሉኛል። እስከ ግንቦት አስተምራለሁ። ዳኛው ክፉ ሕግ ገጥሞታል፤ ምን ያድርግ?»

ብሪት እንደቆመች ነበር። ክንዷን ይዤ አስቀመጥኳት። «አራተኛ ዓመቴስ?» አለችኝ በሹክሹክታ። «ትሩዲ፣ አራተኛ ዓመቴን ማን ሊያስተምረኝ ነው?»

«የጀመሩ ተማሪዎች እንዲጨርሱ እናግዛለን» የሚል አንድ መስመር መልእክቱ መጨረሻ ላይ ነበረ። ምን ማለት እንደሆነ ስትጠይቅ፣ ከሌላ ክፍል ተመሳሳይ ኮርስ እየፈለገች ታሟላለች ማለት ነው ተባለች። እሷ ግን ዝም ብላ የምትቀበል አልነበረችም። የኮሌጁ ቦርድ ውሳኔውን የሚያጸድቅበት ስብሰባ ለሕዝብ ክፍት ነበር፤ ተማሪ መናገር ይችላል። ሳምንታት ሙሉ ተዘጋጀች። መስታወት ፊት ቆማ ስትናገር ሰምቼ ሰምቼ ንግግሯን እኔም በቃሌ ያዝኩት። ፕሮፌሰር ዌይርቢ አንድ ቀን እንኳን ላግዝሽ አላሏትም። ሀዘኑ ከብዷቸው ነው ብለን አሰብን።

ስብሰባው የተካሄደው ኅዳር ላይ በኮሌጁ አዳራሽ ነው። ውጭ የዓመቱ የመጀመሪያ ከባድ በረዶ ይጥል ስለነበር ጆሊን መጥረጊያ መኪናዋን በር ላይ አቁማ ገባች። ፕሮፌሰሩ ከኋላ፣ ከግድግዳው ጋር ተጣብቀው ተቀምጠዋል።

የብሪት ተራ ሲደርስ ወረቀት ሳትይዝ ወደ ማይክራፎኑ ሄደች።

«ስንመጣ እቅድ አውጡ አላችሁን፤ አወጣን። በዚያ እቅድ ተማምነን ሌላ ቦታ የተከፈተልንን በር ዘጋን። እኔ ራሴ ሚያዝያ ላይ አንዱን ዘግቻለሁ። ኮሌጁ ገንዘብ ሲያንሰው አንዳንድ ነገር ሊዘጋ እንደሚችል ይገባኛል። የምጠይቀው ሌላ ነው። አንድ ሰው በቃላችሁ ተማምኖ፣ ዞሮ መሄድ በማይችልበት ጊዜ ቃላችሁን ማንሣት ትችላላችሁ? ብታስቡበትስ መቼ ማሰብ ጀመራችሁ? ባወቃችሁበት ቀን ለምን አልነገራችሁንም?»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ጆሊን በሁለት ጣቷ ስታፏጭ ጆሮዬ ሊደነቁር ነበር። የቦርዱ ሰብሳቢ ራሷ ጠበቃ ናት፤ መነጽሯን አውልቃ ብሪትን ትክ ብላ አየቻት።

«ጥያቄው ተገቢ ነው» አለች። «ፕሬዚዳንቱ ይመልሱ።»

ፕሬዚዳንቱ ዶክተር ስታንዊክ ይባላሉ። ክፉ ሰው አይመስሉም፤ የደከመው ሰው ነበር የሚመስሉት። «ሚስ ኮስኪ፣ አዝናለሁ» አሉ። «ግን ለማንም ሳንነግር እንደቀረን እንዲታሰብ አልፈልግም። የአምስቱንም ክፍሎች ኃላፊዎች ባለፈው ጥር ጠርቼ እያንዳንዳቸውን አነጋግሬያለሁ። ሊዘጋ እንደሚችል ነግሬያቸዋለሁ። ውሳኔው እስኪለይ በይፋ አናወራም፤ ግን ተማሪዎቻችሁን ስትመክሩ ይህንን እያሰባችሁ ምከሩ ብያቸዋለሁ። አራቱ ተማሪዎቻቸውን አስጠንቅቀዋል።» ቀና ብለው ወደ ኋላ አዩ። «ፕሮፌሰር ዌይርቢ፣ ተሳስቻለሁ?»

ሰው ሁሉ ዞረ። ወንበሮቹ ሲንቋቁ እስካሁን ይሰማኛል።

ፕሮፌሰር ዌይርቢ ቀስ ብለው ተነሡ። «አልተሳሳቱም» አሉ።

ብሪት ማይክራፎኑን እንደያዘች ክው ብላ ቀረች። የሆነ ነገር ለማለት ሞከረች፤ የተሰማው ግን ትንፋሿ ብቻ ነበር፣ ማይክራፎኑ አጉልቶት አዳራሹን ሞላው። ጥር! ሚያዝያ ላይ ኮርስ በኮርስ ሲያወጡላት ያውቁ ነበር። ያንን ዩኒቨርሲቲ «አልመጣም» ስትል ያውቁ ነበር። ሄጄ አቅፌ ከመድረኩ አወረድኳት። ከኋላችን ቦርዱ ድምፅ ሰጠ፤ ክፍሉ ተዘጋ። በጊዜው ማናችንም አልሰማንም።

መኪና ማቆሚያው ላይ፣ በበረዶው ውስጥ፣ ፕሮፌሰሩ ኮታቸውን እንኳን ሳይለብሱ ተከትለውን ወጡ።

«ብሪት።»

እሷ ዞረች። «አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ረስተው ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ለምን?»

በረዶው ሽበታቸው ላይ እየተከመረ ቆሙ። ሲናገሩ እንደ ልማዳቸው ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። «ብነግርሽ ትሄጃለሽ። አንቺ ከሄድሽ ሌሎቹም ይሄዳሉ። ተማሪ ከሌለው ክፍሉን በዚያው ቀን ይዘጉታል። ቁጥራችሁ ካልቀነሰ ሐሳባቸውን ይለውጣሉ ብዬ አሰብኩ። ተስፋ አደረግሁ።»

«ማለት... ለቁጥር ነው የያዙኝ?»

«አዎ።»

«ሰውን ለሌላ ነገር መጠቀሚያ ማድረግ ነውር ነው ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉም?»

«እኔ ነኝ።»

እንዲህ በቀላሉ ማመናቸው ከሁሉም የባሰ ነበር። ቢከራከሩ ኖሮ ብሪት የምትለው አታጣም። ጆሊን በመካከላቸው ገባች። እመታቸዋለሁ ብትል አይገርመኝም ነበር፤ ግን እሷም ደንዝዛ ነበር። «ቃል አልገባም አሉኝ እኮ» አለቻቸው፤ እንደዚያ በቀጭን ድምፅ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። «እኔ ሞኟ በዚያ አመንኩዎት። ይህን መንገድ የምጠርገው ሰው ቤቱ እንዲገባ ነው፤ እርስዎም ይሂዱና ቤትዎ ይግቡ።» ብሪትን አቅፋ ወደ ትልቁ መኪና አወጣቻት።

ብሪት ሁለት ሳምንት ክፍል አልገባችም። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ግድግዳ ታያለች። ምግብ አመጣላታለሁ፤ «አስቀምጪው» ትላለች። አንድ ጠዋት ነቅቼ ሳያት መሬት ላይ የኮርስ ዝርዝር ዘርግታ፣ በጉልበቷ ተንበርክካ እቅዷን እንደገና ትሠራለች። የፖለቲካ አስተሳሰብ ታሪክን ከፖለቲካ ሳይንስ ክፍል፤ ሁለት የፍልስፍና ኮርሶችን በኢንተርኔት ከግዛቲቱ ዩኒቨርሲቲ፤ የመመረቂያ ጽሑፉን ከታሪክ አስተማሪዋ ጋር፣ ርዕሱን ስለ መሬት ሕግ ታሪክ አድርጋ። ስለ እሷ የሚጽፉት የታሪክ አስተማሪዋና የነጻው የሕግ ቢሮ ጠበቃ። የፕሮፌሰር ዌይርቢ ስም የትም አልነበረም። ወደ ክፍላቸው ተመለሰች፤ ከኋላ እየተቀመጠች፣ እጇን ሳታወጣ፣ ቃል ሳትተነፍስ እስከ ግንቦት ጨረሰች። ፈተናቸውን ሁሉ በአንደኛ ደረጃ አለፈች። አንድ ጊዜ ጽሑፏን ሲመልሱላት «ለማመልከቻሽም ስለ አንቺ እንድጽፍልሽ ከፈለግሽ...» ብለው ነበር። «አልፈልግም» አለቻቸው። ግንቦት ላይ ቢሮአቸውን አስረከቡ። መሰርሰሪያውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ወደ መኪናቸው ሲሄዱ ከመስኮታችን አየናቸው፤ ብሪት መጋረጃውን ዘጋችው።

ሐምሌ ላይ ለመግቢያው ፈተና ወደ ዱሉት ከተማ ሄደች። እኔ ሆስፒታል የተግባር ልምምድ ላይ ስለነበርኩ የሆነውን በስልክ ነው የሰማሁት፤ ስትደውልልኝ ትንፋሿ ይቆራረጥ ነበር።

«ትሩዲ! ማንን እንዳየሁ ገምቺ!»

ፈተና ጣቢያው ትንሽ ክፍል ነው፤ ኮምፒውተሮቹ በጣውላ ተከልለዋል። ብሪት መታወቂያዋን አሳይታ ገብታ ቦታዋን ስትፈልግ፣ ሃያ ዓመት በሆናቸው ልጆች መካከል አንድ ሽበታም ራስ አየች። ፈታኝ መሰላት። ከዚያ ሰውየው ቀና አሉ።

ፕሮፌሰር ዌይርቢ ነበሩ። ስማቸው የተጻፈበት ወረቀት ደረታቸው ላይ ተለጥፏል።

«ቦታዬን መፈለጌን ረሳሁ» አለችኝ። «የምር ነው የምልሽ፣ ፈታኟ መጥታ ናት ያስቀመጠችኝ። እሳቸውም መናፍስት ያዩ ነው የሚመስሉት።»

ፈተናው ተጀመረ፤ የመጀመሪያዎቹን ጥያቄዎች እንዴት እንደመለሰች አታውቅም። በእረፍቱ ከረሜላና ለስላሳ የሚሸጠው ማሽን አጠገብ ተገናኙ።

«ምን እየሠሩ ነው እዚህ?» አለቻቸው። ሌላ የምትለው አልመጣላትም።

«እየተፈተንኩ ነዋ። የመጀመሪያው ክፍል እንዴት ነበር?»

«አይቀልዱብኝ!»

«አልቀለድኩም።» ማሽኑን ተደገፉ። «በእኔ ዕድሜ ፍልስፍና አስተምር ብሎ የሚቀጥረኝ የለም። ሞክሬያለሁ። ከዚያ ደግሞ... በወጣትነቴ ለዚህ ፈተና ተመዝግቤ ነበር። በሩ ድረስ መጥቼ ፈርቼ ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ወደዚህ ፈተና የሰው ልጆችን እየላክሁ ኖርኩ።»

«ይሄን ለምን ይነግሩኛል?»

«እስካሁን የደበቅሁሽ ይበቃል ብዬ ነው።» ከማሽኑ ቀና ብለው፣ «ደግሞ እዚህ ሁለታችንም ተፈታኞች ነን። አንቱታው ይቅርና አንተ በይኝ» አሉ።

«አልችልም» አለች ብሪት። «ደግሞ ገና አልበረደልኝም። ይህን እንዲያውቁ እፈልጋለሁ።»

«አውቄዋለሁ።»

«እና የንባቡ ክፍል ሲመጣ ረጅም ነው፤ ጥያቄውን አስቀድመው ያንብቡ።» ለምን እንደነገረቻቸው እስከዛሬ አይገባትም። እንዲሁ ከአፏ አመለጣት።

ጆሊን ይህን ስትሰማ ከመኪናዋ ልትወድቅ ደርሳ ነበር አሉ። «ያ ሽማግሌ? ተማሪ ሊሆን? ጥርሱ ሳይረግፍ ይጨርሳል?» ስትል ቆይታ ግን፣ «ወኔ አለው፤ እሱን አልክድም» አለች።

ሁለቱም አለፉ። በቀጣዩ ዓመት፣ ብሪት ከኮሌጁ ተመርቃ ሚኒያፖሊስ ካለው የሕግ ትምህርት ቤት ገባች፤ እሳቸው ከወንዙ ማዶ ሴንት ፖል ያለ፣ ለሠራተኞች በማታ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ተቀበላቸው። እኔም ሚኒያፖሊስ ሆስፒታል ሥራ ስላገኘሁ ከብሪት ጋር እንደገና አንድ ቤት ተከራየን። መጀመሪያ ሰሞን ስማቸውን አታነሣም ነበር። በመጀመሪያው ሴሚስተር ማለቂያ፣ ጥር ላይ፣ ስልኳ ጮኸና አየችው፤ አንስታ ሳትናገር ብዙ ሰማች፤ «እሺ፣ እመጣለሁ» አለች። እኔንም ይዛኝ ሄደች።

ድልድዩ አጠገብ ባለች ቁርስ ቤት ጥግ ይዘው አገኘናቸው። ከስተዋል። ጠረጴዛው ላይ የፈተና ወረቀታቸው ተዘርግቷል፤ እንደተቀመጥን ወደ ብሪት ገፉት። ፊታቸው ላይ የነበረውን ድንጋጤ አልረሳውም፤ ሆስፒታል ውስጥ ክፉ ውጤት የተነገረው ሰው ላይ የማየው ዓይነት ነው።

«የውል ሕግ» አሉ። «ሊጥሉኝ ምንም አልቀራቸው። እኔን! በሕይወቴ እንዲህ ያለ ውጤት አይቼ አላውቅም። የት እንደተሳሳትኩ አራት ጊዜ አነበብኩት፤ ስህተት የለውም!»

ብሪት ማንበብ ጀመረች። ጥያቄው አጭር ነበር፦ አንድ ሰው ጀልባውን ለአንዲት ሴት ሊሸጥ ተስማምቶ፣ ሴትየዋ መልሕቅ መጣያ ቦታ ተከራይታ ሳለ ለሌላ ሰው ሸጠው። መልሱ ገጽ በገጽ ሄዷል። ብሪት አንዱን ገጽ ትገልጣለች፣ ቀጣዩን ትገልጣለች፤ ወደ መጨረሻው ስትደርስ ወደ መጀመሪያው ተመለሰች።

«ቃል መግባት ምን እንደሆነ ጽፈዋል።»

«አዎ።»

«ቃል ሰውን ለምን እንደሚያስር ጽፈዋል። ቆንጆ ነው።»

«አመሰግናለሁ።»

«ማን አሸነፈ?»

«ምን?»

«ሴትየዋ ናት ሰውየው? ጀልባውን ታገኛለች ወይስ አታገኝም? ካሣ አላት ወይስ የላትም?»

ፕሮፌሰር ዌይርቢ አፋቸውን ከፈቱ። ወረቀቱን ወደ ራሳቸው ስበው ገጾቹን አገላበጡ። «እሱ...» አሉ፤ «እሱ እንኳን ከዚህ የሚከተል ይመስለኛል።»

«አልጻፉትም እኮ! ሴትየዋ እኮ ጠበቃ ብላ ነው የመጣችብዎት! ይህን ሁሉ ነግረው ወደ ቤቷ ሲልኳት ምን ይዛ ትሂድ?»

«መናገር ነበረብኝ?»

«ነበረብዎት!»

ድምጿ ከፍ ብሎ ስለነበር ባንኮኒው ጋ የተቀመጡት ሰዎች ዞሩ። እሳቸው እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ወረቀቱን አቀርቅረው ያዩ ጀመር። የሚያለቅሱ መስሎኝ ደነገጥኩ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ግን እየሳቁ መሆኑ ገባኝ፤ ብሪትም አየቻቸውና ከንፈሯን ነክሳ ቆየች፣ ከዚያ አልቻለችም። ከዚያ የስብሰባ ምሽት ወዲህ በእሳቸው ፊት ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው።

«ይቅር ብዬዎታለሁ ማለት አይደለም» አለች እንባዋን እየጠረገች።

«አይደለም፤ ገብቶኛል።»

«እንግዲያው ይስሙኝ።» ከፊቷ የተነጠፈውን የገበታ ወረቀት ስባ ገለበጠችና ከቦርሳዋ እስክሪብቶ አወጣች። «መጀመሪያ መልሱን ይጽፋሉ፤ አንድ ዓረፍተ ነገር። ቀጥሎ ሕጉን። ቀጥሎ ምክንያቱን። ፍልስፍናው ቦታ ከተረፈ። ይበሉ፣ ማን አሸነፈ?»

ፕሮፌሰሩ እስክሪብቶውን ተቀብለው ወረቀቱ ላይ አጎነበሱ። አሳላፊዋ መጥታ ምን እንደምናዝዝ ጠየቀች፤ ሁለቱም አልሰሟትም፤ ለሦስታችንም እንቁላልና ድንች ጥብስ አዘዝኩ።